የሰብል ክቦች፦ ምስጢሩና የማስረጃው ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል ቀልድ ሊመስል ይችላል። በደቡብ እንግሊዝ የስንዴና የገብስ ማሳዎች ላይ፣ ሌሊት ተሠርተው ጠዋት ስለሚገኙ ክብ ቅርጾች ልናገር ነው። የመረጥሁት ግን ለጨዋታ አይደለም፤ ምንጭን የማንበብ ሙያችን ክፉኛ የሚፈተንበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ክቦቹ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ1678 ይጀምራሉ። በዚያ ዓመት ስለ አንድ የሃርትፎርድሺር ገበሬ የምትተርክ ትንሽ ጽሑፍ ታተመች። አንድ ድኻ አጫጅ የገበሬውን አጃ ለማጨድ ዋጋ ቢጠይቀው፣ ገበሬው ተቆጥቶ ከእርሱ ይልቅ ሰይጣን ቢያጭደው እንደሚሻለው ተናገረ ትላለች። በዚያው ሌሊት ማሳው በእሳት የተያያዘ መስሎ ታየ፤ ሲነጋም አጃው በክብ በክብ ታጭዶ ተገኘ። ከጽሑፉ ጋር የታተመው ሥዕል ሰይጣኑን ማጭድ እንደያዘ ያሳያል፤ ዛሬም የክቦቹ ጥንታዊነት ማረጋገጫ ተደርጎ ይቀርባል። ነገር ግን ምንጩ የሚለው አጃው ታጨደ ነው። በሰብል ክብ ውስጥ አገዳው አይቆረጥም፤ ተጎንብሶ ይነጠፋል እንጂ። ደግሞስ የታሪኩ እምብርት የድኻ ጉልበት ዋጋ አይደለምን? የ17ኛው መቶ ዘመን የቅጥር ሥራ ታሪክ አጥኚ ይህን ጽሑፍ ሊጠቀምበት ይገባል፤ ከሰማይ ለመጣ መርከብ ምስክር አድርጎ መጥራት ግን ጽሑፉን ያልተናገረውን ማናገር ነው።

በ1880 ጆን ራንድ ካፕሮን ለ«ኔቸር» መጽሔት የላኩት ደብዳቤ የተሻለ ምስክር ነው። በሰሪ አውራጃ ከማዕበል በኋላ ስንዴ በክብ ቅርጽ ተኝቶ እንዳዩ ገልጸው፣ ምክንያቱን የሚሽከረከር ነፋስ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። የጋሸበ ጤፍ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ዘመናዊው ታሪክ ሌላ ነው። በ1966 በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ በምትገኘው ተሊ አንድ ገበሬ ከረግረግ ላይ የሚበር ነገር ሲነሣ እንዳየ ተናገረ፤ በስፍራውም ክብ ሆኖ የተነጠፈ ሸምበቆ ተገኘ። ቀድሞ በአውስትራሊያ የኖሩት የሳውዝሃምፕተኑ ዳግ ባወር ይህን ወሬ ያውቁ ነበር። በ1970ዎቹ ከወዳጃቸው ከዴቭ ቾርሊ ጋር ሳንቃና ገመድ ይዘው በሌሊት ወደ ማሳ መውጣት ጀመሩ። የባወር ባለቤት የመኪናው ኪሎ ሜትር መብዛቱን አይተው ባላቸው ሌላ ሴት የያዙ መስሏቸው ነበር ይባላል።

በ1980ዎቹ የአየር ጠባይ ተመራማሪው ቴረንስ ሚደን ክቦቹን የሚሽከረከር ነፋስ ይሠራቸዋል አሉ። ሁለቱ ወዳጆች ይህን በሰሙ ጊዜ ነፋስ ሊሠራው የማይችል ቀጥ ያለ መስመር ጨመሩ። መላ ምቱም ቅርጹን ተከትሎ ተለጠጠ፤ ነፋሱ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሆነ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። እኛ የምናነባቸው ሰነዶች መልስ አይሰጡንም። በዚህ ጉዳይ ግን ማስረጃው ራሱ ተመራማሪውን እያነበበ፣ በሚቀጥለው በጋ መልስ ይሰጥ ነበር። ሚደንን ለማሾፊያ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ፤ እንዲህ ባለ ምንጭ ፊት ከመካከላችን ስንቱ ይድን ነበር?

በመስከረም 1991 ሁለቱ ሰዎች «ቱደይ» ለተባለው ጋዜጣ ተናዘዙ። ኑዛዜም ምንጭ ነው፤ እንደ ማንኛውም ምንጭ መመርመር አለበት። ጋዜጣው አንድ ቅርጽ አሠራቸውና ስለ ክቦቹ በ1989 ከኮሊን አንድሩስ ጋር መጽሐፍ ያሳተሙትን ፓት ዴልጋዶን ጠራ። እርሳቸውም ሰው የሠራው ሊሆን እንደማይችል መሰከሩ፤ እውነቱ ሲነገራቸው መታለላቸውን አመኑ። ያመኑበት ፍጥነት ያስከብራቸዋል እላለሁ።

ሁለት ሰዎች ሁሉንም ሊሠሩ አይችሉም የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚያረጋግጠው ሌሎችም ሠሪዎች መኖራቸውን ብቻ ነው። ቾርሊ በ1996 ካረፉ በኋላ፣ በ2001 በዊልትሺር ሚልክ ሂል ላይ 409 ክቦች ያሉት ቅርጽ ታየ።

ከክርክሩ ሁሉ ድምፁ የጠፋው የማሳው ባለቤት ነው። የ1678ቱ ገበሬ የታጨደውን አጃ ለማንሣት ፈርቶ ነበር ይላል ጽሑፉ። የዘመናችን የዊልትሺር ገበሬዎች ግን አንዳንዶቹ ከጎብኚዎች የመግቢያ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹም ጎብኚ ሳይደርስ ቅርጹን አጭደው ያጠፉታል።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።