ስለ እስሮችና ስለ ጠያቂዎቻቸው፤ የዕብራውያን መልእክት 13ኛ ምዕራፍ ሐተታ

ሐዋርያው ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ በ3ኛው ቍጥር ስለ እስሮች ሲያዝ፥ በሩቅ ሁናችሁ እዘኑላቸው ብቻ አላለም። አሳባችሁ ከእነርሱ ጋራ በአንድ እግር ብረት እንደ ተያዘ ሰው አሳብ ይሁን ማለቱ ነው። ይህን ቃል ብዙ ሰው ለማጽናናት የተነገረ ምሳሌ አድርጎ ያልፈዋል። የኢትዮጵያ ሰው ግን ያለ ምሳሌ ሊያስተውለው ይችላል፤ በቀደመው ዘመን በአገራችን ቍራኛ የሚባል ሥርዓት ነበረና። ይኸውም የሰንሰለቱ አንዱ ጫፍ በእስረኛው እጅ፥ ሁለተኛው ጫፍ በጠባቂው ወይም በባለ ዕዳው ከሳሽ እጅ የሚታሰርበት ነው። ሁለቱ አብረው ይበላሉ፥ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ሲነሣ ሁለተኛው ሳይወድ ይነሣል። ከፍርድ በፊት ንጹሑና በደለኛው በአንድ ብረት ተይዘው በአደባባይ ሲሄዱ ለሚያያቸው ሰው ማን የማን እስረኛ እንደ ሆነ አይለይም ነበር። ጳውሎስም በሮሜ ከሚጠብቀው ወታደር ጋራ በሰንሰለት ይኖር እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት በ28ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እንግዲህ ከእስሮች ጋራ እንደ ታሰረ መሆን ማለት ሳይገደዱ በፈቃድ ቍራኛ መሆን ነው።

አንድም፥ ዛሬ ጠያቂ የሆነ ሰው ነገ ተጠያቂ ሊሆን ይችላልና፥ ሥጋ ለባሽ ሁሉ ለእስራት ቅርብ መሆኑን ሲያመለክት ነው። ለዚህኛው ትርጓሜ ማስረጃው ከስሜን አገር ይወጣል፤ ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ከነበረ ታሪክ ይጀምራል።

በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ አለቆች ነቢዩን ውኃ በሌለበት፥ ጭቃ ብቻ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት። ያን ጊዜ ለነቢዩ የተናገረለት ከአገሩ ልጆች አንድ እንኳ አልነበረም። የተናገረለት ከኢትዮጵያ ወገን የሆነ የንጉሡ ቤት ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ወደ ንጉሡ ወደ ሴዴቅያስ ገብቶ በግልጥ ተናገረ፤ ሠላሳ ሰዎችም ተሰጡት። ሰባኪዎች ሁሉ ይህን ድፍረቱን ያመሰግናሉ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የበለጠ ሊመረመር የሚገባው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ገመድ ይዞ በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሄደም፤ አስቀድሞ ወደ ንጉሡ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈለገ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው ጨርቁን በብብቱ አድርጎ ገመዱን በላዩ እንዲያደርግ ነገረው። ይህን ያሰበ ሰው ገመዱን አስቀድሞ በራሱ ብብት አድርጎ አይቶታል ማለት ነው። ኤርምያስ ከጕድጓዱ ቢወጣም ከግዞት አልወጣም፤ በዘበኞች አደባባይ ተቀመጠ። የአቤሜሌክ ሥራ እስራቱን መፍታት አልነበረም፤ በእስራት ውስጥ ያለውን ሰው ሕያው ማድረግ ነበረ እንጂ።

በአገራችን ዛሬ እስር ቤት ሁሉ ወኅኒ ቤት የሚባልበት ስም የተገኘው ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከወኅኒ አምባ ነው። ነገሥታቱ ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ መንግሥት ይሻሉ ብለው የፈሯቸውን ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን በዚያ አምባ ያስቀምጡ ነበር። አምባው ከመሬት የተለየ ነው፤ መውጫው ጭንቅ፥ በሩ የተጠበቀ ነው። ለመሳፍንቱ ቀለብ የሚሆን ግብር ተመድቦላቸው ነበር፤ ዳሩ ግን ጠያቂ የሌለው እስረኛ የተመደበለት ሁሉ እንደማይደርሰው የታወቀ ነው። ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1674 ዓ.ም. በነገሠ ጊዜ ወደ ወኅኒ ቢሄድ ዘመዶቹን ልብሳቸው አልቆ በራብ ተጐሳቍለው አገኛቸው፤ ቀለባቸውን ሹማምንቱ በልተውት ነበርና። ንጉሡም ወደ አምባው ግርጌ አስወርዶ አለበሳቸው፥ አበላቸው፥ አብሯቸው ተቀመጠ፤ ግብራቸውም እንዲከበር አዘዘ። እነርሱም በፈቃዳቸው ወደ አምባቸው ተመለሱ ይላል። የታሰረ ሰው ሲጠየቅ ወደ እስራቱ ደስ ብሎት መመለሱ የሚያስደንቅ ነው፤ የኢያሱ ቸርነት ከዘውዱ ጋራ እስራታቸውን እንዳልፈታ ግን መዘንጋት አይገባም። እንዲህም ቢሆን፥ ሹሙን ያስደነገጠው የንጉሡ ዐዋጅ ሳይሆን የንጉሡ ዓይን ነበረ።

አሁን ወደ ስሜን እንምጣ። ከአምባራስ በላይ ካለው ከቧሂት ተራራ ማዶ፥ በጃናሞራ ወገን ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ያችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራት የስሜንና የትግሬ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው፤ ዘውድ ሊጭንባት አስቦ ነበር ይባላል። በ1834 ዓ.ም. ከግብጽ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ያስመጣቸውም እርሱ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ድል ነሥቶ ውቤን ማረከው፤ ወዲያውም ውቤ ባሠራት ቤተ ክርስቲያን ውቤ ባስመጣቸው ጳጳስ እጅ ተቀብቶ አፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ውቤ ከልጆቹ ጋራ ወደ እስራት ሄደ። ዘውዱን የጫኑት አቡነ ሰላማም ኋላ ከንጉሡ ተጣልተው በመቅደላ ታሰሩ፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በዚያው በእስራት እንዳሉ ዐረፉ። በአንድ ቀን በአንድ ቅጥር ውስጥ የነበሩ፥ አንዱ በክብር ሁለተኛው በሰንሰለት ይለዩ የነበሩ ሰዎች ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በአንድ ብረት ተገናኙ። ሐዋርያው ሥጋ ለባሽ መሆናችሁን አስቡ ያለው ይህን ነው።

የውቤ ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፥ ጥሩነሽም ትባላለች፥ መጽሐፍ የተማረች፥ ዓለምን ትታ ልትመነኵስ የምትሻ እንደ ነበረች ይነገራል። አፄ ቴዎድሮስ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ሲያገባት ዘመዶቿ፥ እሺ ብትይ ለአባትሽ ይሻለዋል ብለው ለመኗት ይባላል። አባቷን ያሰረውን ሰው አገባች። ይህን ነገር የሰሙ ሁሉ አይመሰክሩላትም፤ አንዳንዱ ለክብር ብላ ነው ይላል። ነገር ግን የታሰረ አባት ያለው ሰው በደጅ ከመቆም ይልቅ ወደ ውስጥ መግባትን ቢመርጥ የሚፈረድበት አይደለም፤ አስቴርም ስለ ወገኖቿ የገባችው በእንዲህ ያለ በር ነው። ልዩነቱ አስቴር የለመነችውን አገኘች፤ ጥሩወርቅ ግን አባቷን ከእስራት ፈጽማ ልታወጣው አልቻለችም። ደጃዝማች ውቤ በ1859 ዓ.ም. ገደማ እስረኛ እንደ ሆነ ሞተ። እርሷም መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ ሰሜን ስትሄድ በመንገድ ታማ በግንቦት ወር ሞተች፤ በትግራይ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች።

ከውቤ ይልቅ ታሪካቸው በሰፊው የተጻፈላቸው በመቅደላ የታሰሩት አውሮፓውያን ናቸው፤ ከነርሱ ዘንድ ብዙዎቹ መጽሐፍ አሳትመዋልና። የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። ከዚያም በድብቅ ያወጣት ትንሽ ወረቀት፥ ለንጉሡ ደብዳቤ መልስ ካልመጣ የመፈታት ተስፋ እንደሌለው ታስረዳ ነበር።  ኋላም እርሱን ለማስፈታት የመጣው ራሳም ራሱ ታስሮ በሐምሌ 1858 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲገባ፥ የእግር ብረቱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ሲዘጋ፥ ሕይወታቸውን ያቈየው በመቅደላና በምጽዋ መካከል የሚመላለሱት የአገር ሰዎች እግር ነው። ደብዳቤውን በልብስ ሰፍተው፥ ገንዘቡን ደብቀው፥ በተበጠበጠ አገር ያልፉ ነበር፤ ቢያዙ ሞት ነበረባቸው። ስለ መቅደላ የሚተርክ ሰው መድፉንና ዝሆኑን ሲያነሣ እነዚህን መልእክተኞች ማንሣት ይረሳል።

ከእነዚህ መካከል ግን እንደ ጀርመናዊው ሚሲዮን እንደ ፍላድ ያለ የለም። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. መልእክት አስይዘው ወደ እንግሊዝ አገር ሰደዱት፤ ሚስቱንና ልጆቹን ግን በመያዣነት አስቀሩ። ፍላድ በዚያው ዓመት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ከዚያ ወዲያ የሚያስገድደው ጠባቂ አልነበረም፤ በሰላም አገር ነበርና። ይዞት የሚመለሰው መልስ ንጉሡን ደስ እንደማያሰኝም ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን በ1859 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ እስረኞቹ ገባ፥ እስከ መጨረሻውም ከቤተ ሰቡ ጋራ ቈየ። ባሕር ተሻግሮ ሳለ የሰንሰለቱ ሁለተኛ ጫፍ በእጁ ነበረ ማለት ነው።

ሁሉ ግን እንዲህ አይከናወንም። የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት ልጇ በመቅደላ ታስሮባት ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በአገሯ ሲያልፍ፥ ይህን አስይዤ ልጄን አስለውጣለሁ ብላ አስባ ነበር ይባላል። ንጉሡ ግን በቍጣ የወሎን እስረኞች ፈጅቷቸው ኖሮ የልጇ ሞት ተሰማ፤ እርሷም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። የእርሱን ደም በሌላዪቱ ልጅ ደም አልተበቀለችም። ልጇን ለማስፈታት የሚያስችላት ነገር በእጇ በገባ ሰዓት ልጇን ያጣች እናት ናትና፥ ይህን ማድረጓ ከብዙ ድል ይበልጣል።

እስረኛ የሚሻው ምን እንደ ሆነ ጳውሎስ ራሱ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ ዘርዝሮታል፤ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ፥ መጻሕፍቱን፥ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት፥ እርሱም ከክረምት በፊት ፈጥኖ እንዲመጣ ለመነው። ሐዋርያ ሲሆን ብርድ በረደው፤ ይህን ለመጻፍ አላፈረም። በስሜን ደጋ የሚኖር ሰው በርኖስ የሌለው እስረኛ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋ ያውቀዋል። ዮሐንስ መጥምቅ ደግሞ በወኅኒ ሳለ የሻው እንጀራ ሳይሆን ወሬ ነበረ፤ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ ጠየቀ፥ ጌታም ያዩትንና የሰሙትን እንዲነግሩት መለሳቸው። ስለዚህ እስረኛን እንዳያዝን ብሎ የቤቱን ነገር መሸሸግ፥ ሞቱን ደስታ አስመስሎ መንገር፥ ርኅራኄ ቢመስልም ሁለተኛ ግድግዳ መሥራት ነው። አንድ ቀን ከሌላ አፍ ይሰማዋልና፥ ከዚያ በኋላ የጠያቂውን ቃል ሁሉ ይጠራጠራል።

እግር የማይደርስበት እስራትም አለ። በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች መኳንንቱን ወደ ኢጣልያ ደሴት ወደ አዚናራ፥ በሺሕ የሚቈጠሩትን ሌሎች ሰዎች ወደ ሶማልያው ወደ ዳናኔና ወደ ቀይ ባሕሩ ወደ ኖክራ ሲሰዱ ስንቅ ሊያቀብል የሚችል ዘመድ አልነበረም። በዳናኔ ብዙዎች በበሽታና በራብ አለቁ። ጴጥሮስ በታሰረ ጊዜ ምእመናን በአንዲት ቤት ተሰብስበው የጸለዩት እግራቸው ወደ ወኅኒው መግባት ባይችል ነው፤ በር ሲከፈት ግን ጸሎት ብቻውን በቂ ነው ተብሎ ስንቁ አይቀርም።

የሮሙ አገረ ገዥ ፊልክስ ጳውሎስን ባሰረ ጊዜ ወዳጆቹ እንዳይከለከሉበት መቶ አለቃውን አዘዘ፤ ይህ በግብረ ሐዋርያት በ24ኛው ምዕራፍ አለ። ጉቦ የሚጠብቅ አረማዊ ገዥ ያልከለከለውን፥ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጽ መብት አድርጎ ጽፎታል፤ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፥ የቅርብ ዘመዶቹ፥ ወዳጆቹ፥ የሃይማኖት አማካሪው፥ ሐኪሙና የሕግ አማካሪው ሊጠይቁት እንደሚችሉ ይላል። ሕጉ በር ይከፍታል፤ አገልግሉን ተሸክሞ የሚገባው ግን ሕጉ አይደለም።

ከአምባራስ ወርዶ በደባርቅ የታሰረ ወንድሙን የሚጠይቅ ሰው የደጋውን ገብስ በሶ አድርጎ ይይዛል፤ በሶ አይበላሽምና፥ እስረኛውም በውኃ ብቻ በጥብጦ ይጠጣዋል፥ ስንቅ ለሌለው ጐረቤቱም ያካፍለዋል። ከበሩ ሲደርስ ይፈተሻል፥ ያመጣውን ቅመስ ይባላል፤ የሚያውቀው ሰው በመንገድ ቢያየው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል፥ እርሱም ወንድሙ መታሰሩን ሊሸሽግ ይሻል። ኦኔሲፎሮስ በሮሜ ከተማ ጳውሎስን ተግቶ የፈለገው በእንዲህ ያለ እፍረት መካከል ነበረ፤ ሐዋርያውም በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት በ1ኛው ምዕራፍ ያመሰገነው ስላመጣለት ምግብ ሳይሆን በሰንሰለቱ ስላላፈረ ነው።