የፌርሚዮኖች ቋሚ ምላሽ፦ የአንድ ስሌት ታሪክ

ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ፌርሚዮን ከሚባሉት ቅንጣቶች ወገን ናቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ፌርሚዮኖች በአንድ የኳንተም ሁኔታ ውስጥ አብረው አይገኙም፤ ይህን ሕግ ለኤሌክትሮን ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 አስቀመጠ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፌርሚዮኖች በሞሉበት አካል ላይ ከጊዜ ጋር የማይለዋወጥ ደካማ መስክ ሲያርፍ፣ ቅንጣቶቹ አንዱ ጋ ይሰበሰባሉ፣ ሌላው ጋ ይሳሳሉ። ይህ የጥግግት ለውጥ ቋሚ ምላሽ ይባላል። ስሌቱን የሚያከብደው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መገፋፋታቸው ወይም መሳሳባቸው ነው።

በ1927 ለወሊን ቶማስና ኤንሪኮ ፌርሚ፣ በየግላቸው፣ ኤሌክትሮኖችን እንደ ፈሳሽ ቆጥረው አሰሉ። ዘዴያቸው ለመዳብ ሲሠራበት እንዲህ ይሆናል፦ በብረቱ ውስጥ ባዕድ ፖዘቲቭ ሙል ቢገባ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.5 × 10²² ገደማ የሚሆኑት ነፃ ኤሌክትሮኖች ይከቡታል፤ ጉልበቱም ከ0.055 ናኖሜትር ገደማ በኋላ በፍጥነት ይከስማል። ርቀቱ ከአንድ አቶም ስፋት ያንሳል።

ዴንማርካዊው የንስ ሊንድሃርድ በ1954 የኤሌክትሮንን ሞገድነት በስሌቱ ውስጥ አስገባ። በዚህም ጥግግቱ ከሙሉ እየራቀ ሲሄድ ከፍ ዝቅ እንደሚል ታየ፤ ይህ ሞገድ በፈረንሳዊው ዣክ ፍሪደል ስም ይጠራል። ዴቪድ ቦምና ዴቪድ ፓይንስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያዳበሩት ስልት ደግሞ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ሌሎቹ በጋራ በሚፈጥሩት አማካይ መስክ ውስጥ ያስቀምጣል።

አማካይ ግን ጎረቤትን ይረሳል፤ ተቀራራቢ ኤሌክትሮኖች የሚሸሻሹበትን መንገድ አያሳይም። ጆን ሃባርድ በ1957 የመጀመሪያውን እርማት አቀረበ። በ1968 ሲንግዊ፣ ቶሲ፣ ላንድና ሾላንደር እርማቱ ከራሱ ከቅንጣቶቹ አሰፋፈር እንዲወጣ አደረጉ። ከዚያ በፊት፣ በ1956፣ ሌቭ ላንዳው የፈሳሽ ሂሊየም-3ን (አቶሞቹም ፌርሚዮኖች ናቸው) ምላሽ በጥቂት መለኪያዎች የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አውጥቶ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ግምታዊ ስለሆኑ ማመሳከሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1980 ዴቪድ ሴፐርሊና በርኒ አልደር የኤሌክትሮን ጋዝን (የነፃ ኤሌክትሮኖችን ስብስብ) ኃይል በኮምፒውተር፣ በኳንተም ሞንቴ ካርሎ ዘዴ አሰሉ። በ1990ዎቹ ሞሮኒ፣ ሴፐርሊና ሴናቶሬ በዚሁ ዘዴ በጋዙ ላይ ደካማ ሞገዳዊ መስክ ጫኑ፤ ከኃይሉ ለውጥም ምላሹን በቀጥታ አነበቡ። በ2016 ቡራቺንስኪና ጌዘርሊስ ተመሳሳዩን ስሌት ለኒውትሮን ቁስ ሠሩ፤ ይህ ቁስ በኒውትሮን ኮከብ ቅርፊት ውስጥ ይገኛል።