አነስተኛ ነጋዴዎች ዕቃቸውንና አገልግሎታቸውን በበይነ መረብ ሲያስተዋውቁ ማወቅ የሚገባቸው ጉዳዮች

ይህ መረጃ የንግድ ፈቃድ ያወጡ ወይም ለማውጣት በዝግጅት ላይ የሚገኙ የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ለደንበኞቻቸው የሚያስተላልፉት መልእክት ግልጽና እውነተኛ እንዲሆን፣ በበይነ መረብም በቀላሉ ተፈልገው እንዲገኙ ለማገዝ የቀረበ ነው። በማስታወቂያ፣ በዋጋ፣ በንግድ ስምና በደንበኞች መረጃ አያያዝ ረገድ በሕግ የተጣሉ ዋና ዋና ግዴታዎችም በየርዕሱ ተመልክተዋል።

1. መልእክቱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

አንድ ደንበኛ ማስታወቂያ ሲመለከት አራት ነገሮችን ማወቅ ይፈልጋል፦

• የሚሸጠው ምንድን ነው?
• ለማን ወይም ለምን ጉዳይ ይሆናል?
• ዋጋው ስንት ነው?
• የት፣ መቼና እንዴት ይገኛል?

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ሳይመለስ ከቀረ ደንበኛው ደውሎ ለመጠየቅ ይገደዳል ወይም ወደ ሌላ ሻጭ ያልፋል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የባህል ልብስ የሚያዘጋጅ አንድ የሸማኔዎች ማኅበር የሚከተለውን ማስታወቂያ አወጣ እንበል፦

«ጥራት መለያችን፣ ውበት መገለጫችን ነው። ለማንኛውም ዝግጅት የሚሆኑ የባህል ልብሶችን እናቀርባለን። ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ይህን ጽሑፍ የትኛውም የልብስ ነጋዴ ሊያወጣው ይችላል። ማኅበሩን ከሌላው የሚለይ ነገር አልተጻፈበትም። ያው ማኅበር መልእክቱን እንደሚከተለው ሊያስተካክለው ይችላል፦

«ለሠርግና ለጥምቀት የሚሆኑ የሴቶች የሀበሻ ቀሚሶች። ጨርቁ መነን ሲሆን በእጅ የተሸመነ ነው። ዋጋ ከ9,500 ብር ጀምሮ፤ እንደ ጥለቱ ስፋት ይለያያል። ልኬት ከተወሰደ በኋላ በ15 ቀን ይደርሳል። ሽሮ ሜዳ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 12፡30።»

ሁለተኛው መልእክት አንድም የሙገሳ ቃል የለበትም። ሆኖም ለጥር ሠርግ የምታዘጋጅ ሙሽራ ትእዛዟን እስከ መቼ መስጠት እንዳለባት ትረዳለች፤ ዋጋው ከአቅሟ በላይ የሆነባትም ሳትደክም ታውቃለች። ለሻጩም ቢሆን ተመሳሳይ ጥያቄ በቀን ብዙ ጊዜ ከመመለስ ያሳርፈዋል።

2. ዋጋን በግልጽ ማሳወቅ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሥራ ቦታው በሚታይ ሁኔታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ያስገድዳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሸጥ ሰው ማንነቱን፣ አድራሻውን፣ የዕቃውን ምንነትና ዋጋውን የሚመለከት መረጃ ለሸማቹ እንዲሰጥ ይጠይቃል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የተለመደው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው አነጋገር ከዚህ መርህ ጋር አይጣጣምም። ደንበኛውንም ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ ዋጋ ይነገራል ወደሚል ጥርጣሬ ይመራዋል። ዋጋ በሚገለጽበት ጊዜ፦

• የተጨማሪ እሴት ታክስ ሰብሳቢ ሆኖ የተመዘገበ ነጋዴ ዋጋው 15 በመቶ ታክሱን የሚጨምር መሆኑን ይገልጻል።
• የማድረሻ ሒሳብ ካለ ለብቻው ይጻፋል።
• «ከ…ብር ጀምሮ» ከተባለ በዚያ ዋጋ በእርግጥ የሚሸጥ ዕቃ መኖር አለበት።
• ዋጋ ሲለወጥ የቆዩ ማስታወቂያዎች ይስተካከላሉ ወይም ዋጋው የሚጸናበት ቀን ይጻፍባቸዋል።

ቅናሽ ሲታወጅ የቀድሞው ዋጋ በትክክል ይሸጥበት የነበረ መሆን አለበት። ቅናሽ ለማስመሰል ከፍ ተደርጎ የተጻፈ «የቀድሞ ዋጋ» ሸማችን ማሳሳት ነው።

3. የሚረጋገጥ ነገር ብቻ መናገር

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና ከማሳሳት የጸዳ እንዲሆን፣ የሌሎችን ዕቃ ወይም አገልግሎትም እንዳያንኳስስ ይደነግጋል። በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ የሚወጣ ጽሑፍና ምስልም ደንበኛን ካሳሳተ ነጋዴውን ተጠያቂ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በወረቀት ለሚታተም ማስታወቂያ የሚደረገው ጥንቃቄ ሊደረግለት ይገባል።

ቀላሉ መመዘኛ ደንበኛው «በምን ይታወቃል?» ብሎ ቢጠይቅ ነጋዴው የሚያሳየው ነገር መኖሩ ነው። «በእጅ የተሸመነ» የሚል ሻጭ ልብሱን የሠራውን ሸማኔ ወይም የሥራውን ቦታ ማሳየት ይችላል። ጥለቱ በማሽን የታተመ ጨርቅ «የእጅ ሥራ» ተብሎ ከተሸጠ ግን የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም። ለአንድ ቀሚስ ቀናት የሚያጠፋው ሸማኔ፣ በሰዓታት ከሚመረት ጨርቅ ጋር በዋጋ እንዲወዳደር ይገደዳል። «ንጹሕ ማር»፣ «ያልተቀላቀለ ቅቤ» እና «መቶ በመቶ ጥጥ» የሚሉ አገላለጾችም በዚሁ መመዘኛ ይታያሉ።

የሚከተሉት ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ፦

• የምግብ ምርትን በሽታ እንደሚፈውስ አድርጎ ማስተዋወቅ። ማር፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም የሽፈራው ቅጠል የሚሸጥ ሰው ምርቱን እንደ መድኃኒት ማቅረብ የለበትም። የምግብና የመድኃኒት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር ይደረግበታል።
• ዕጣ የሚወጣበት የሽያጭ ማስተዋወቂያ። «ገጹን ለሌሎች ያጋራ ይሸለማል» የሚል ዕጣ ከመታወጁ በፊት የሎተሪ ሥራን የሚቆጣጠረውን የመንግሥት ተቋም ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።
• «በአገሪቱ ቁጥር አንድ» የሚሉና ማስረጃ የማይቀርብባቸው ንጽጽሮች።

4. የንግድ ስምና አጻጻፉ

በንግድ ፈቃዱ ላይ የተመዘገበው ስም፣ በሱቁ ሰሌዳ ላይ ያለው ስምና በበይነ መረብ የሚታየው ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአማርኛ ይህ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ቢሆኑም፣ የመፈለጊያ ሥርዓቶች እንደ ተለያዩ ቃላት ሊቆጥሯቸው ይችላሉ። ስለሆነም አንዱ አጻጻፍ ተመርጦ በሁሉም ቦታ ሳይለወጥ ይሠራበታል። በላቲን ፊደል የሚጻፈውም እንዲሁ አንድ ብቻ ይሁን።

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት የተለያዩ ናቸው። የንግድ ስም በንግድ መዝገብ የሚመዘገብ ሲሆን፣ ዕቃን ወይም አገልግሎትን ከሌላው ለመለየት የሚያገለግለው ምልክት ግን በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ በመሆኑ፣ ስሙ ከታወቀ በኋላ ሳይሆን ገና በጅምሩ ማመልከት ይመከራል።

5. በበይነ መረብ ተፈልጎ መገኘት

ሁሉንም መድረክ በአንድ ጊዜ መክፈት አስፈላጊ አይደለም። አቅሙ ውስን ለሆነ ነጋዴ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

ሀ. በካርታ ላይ መመዝገብ። ንግድን በጉግል ካርታ ማስመዝገብ ክፍያ የለውም። በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ሰው መንገድ የሚጠይቀው በታወቁ ቦታዎች ስለሆነ፣ ከካርታው ነጥብ በተጨማሪ በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት፣ ቤተ እምነት ወይም አደባባይ፣ የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የሱቅ ቁጥሩ ይጻፋል።

የሥራ ሰዓት በሚሞላበት ጊዜ ስሕተት ይበዛል። የካርታው ሥርዓት የሚጠቀመው የውጭውን የሰዓት አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 2፡30 የሚከፈት ሱቅ በሥርዓቱ 8፡30 ተብሎ ይሞላል። 2፡30 ተብሎ ከተሞላ ሱቁ በሌሊት የሚከፈት መስሎ ስለሚታይ፣ ደንበኛው ቀን ተዘግቷል ብሎ ይቀራል።

ለ. አንድ ገጽ ወይም ቻናል መክፈት። የትኛው እንደሚሻል የሚወስኑት ደንበኞቹ ናቸው። ነባር ደንበኞች የትኛውን እንደሚጠቀሙ መጠየቅ በቂ ነው። የሥራው ዓይነት፣ አድራሻው፣ ስልኩ፣ የሥራ ሰዓቱና የዋጋ ዝርዝሩ ገጹ እንደተከፈተ በሚታይ ቦታ ይቀመጣሉ። መልእክቱም ደንበኞቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ አስፈላጊ ሲሆን ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ ይጻፋል።

ሐ. ድረ ገጽ መክፈት። ትእዛዝ ሲበዛና የዕቃው ዓይነት ሲበረክት ይታሰብበታል። በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያበቃ የአገር ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይገኛል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደንበኞች ላሏቸው ነጋዴዎች ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች መጻፍ፣ የመላኪያ ሒሳቡንና የሚፈጀውን ጊዜ ለይቶ ማሳወቅ አለመግባባትን ይቀንሳል።

6. የገጹን ባለቤትነት መጠበቅ

ብዙ ነጋዴዎች ገጻቸውን የሚከፍቱት በልጅ፣ በዘመድ ወይም በተቀጣሪ ስልክ ነው። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ለዓመታት የተሰበሰቡ ደንበኞች አብረው ይጠፋሉ። ይህ እንዳይደርስ፦

• ገጹ የሚከፈተው በባለቤቱ ስም በተመዘገበ ስልክ ቁጥርና በባለቤቱ ኢሜይል ነው።
• ሌላ ሰው እንዲያስተዳድር ሲፈለግ የይለፍ ቃል ከመስጠት ይልቅ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይሰጠዋል።
• ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሥራ ላይ ይውላል።
• በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም። «ገጽዎ ሊዘጋ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣም የተላከውን ማስፈንጠሪያ አለመክፈት ይገባል።

7. ክፍያ፣ ደረሰኝና ቅሬታ

የክፍያ አማራጮች፣ ማለትም ጥሬ ገንዘብ፣ የባንክ ዝውውር፣ ቴሌብር ወይም ሌላ የሞባይል ገንዘብ፣ ከተቀባዩ ስም ጋር በግልጽ ይጻፋሉ። ዕቃ ከመሰጠቱ በፊት ገንዘቡ መግባቱ በራስ ሒሳብ ላይ ይረጋገጣል። ከፋዩ በስልኩ የሚያሳየው የዝውውር ምስል ሊቀናበር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሽያጩ በበይነ መረብ መፈጸሙ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታን አያስቀርም።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ይህን መብት አያስቀርም። በገጹ ላይ ቅሬታ ሲጻፍ ከማጥፋት ይልቅ በአክብሮት መመለስ፣ የተወሰደውን እርምጃም ማሳወቅ ይመረጣል። ሌሎች ደንበኞች የሚመዝኑት ቅሬታው መኖሩን ሳይሆን አመላለሱን ነው።

8. የሰዎች ፎቶግራፍና መረጃ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም። በመሆኑም ቀሚሱን ለብሳ የተነሣች ሙሽራ ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ ከመዋሉ በፊት ፈቃዷ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። የሌላ ነጋዴን ፎቶግራፍ ወስዶ እንደ ራስ ሥራ ማቅረብም የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሳል። የደንበኞች ስም፣ ስልክና አድራሻ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የተደረገላቸው ስለሆኑ፣ ለትእዛዝ የተሰጠ ስልክ ቁጥር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ሊውል ወይም ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይገባም።

9. ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚታይ ማመሳከሪያ

• ስሙ ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ ነው?
• ምን፣ ለማን፣ በስንት፣ የት የሚሉት ጥያቄዎች ተመልሰዋል?
• የተባለው ሁሉ ሲጠየቅ ሊረጋገጥ ይችላል?
• ፎቶግራፉ የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው? በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሰውስ ፈቅዷል?
• ስልኩ ይሠራል? በሥራ ሰዓት የሚያነሳ ሰው አለ?
• ሥራውን የማያውቅ አንድ ሰው ጽሑፉን አንብቦ በራሱ አንደበት መልሶ መናገር ይችላል?

10. አገልግሎት የሚገኝባቸው ቦታዎች

የንግድ ምዝገባ፣ የፈቃድ ማውጣትና የማደስ አገልግሎት በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እንዲሁም እንደየሥልጣናቸው በክልል፣ በክፍለ ከተማና በወረዳ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ይሰጣል። የንግድ ምልክት ማመልከቻ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል። የታክስና የደረሰኝ ጉዳዮች ነጋዴው በተመዘገበበት የገቢ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤት ይስተናገዳሉ። አሳሳች ማስታወቂያን የሚመለከት ጥቆማ በአቅራቢያ ለሚገኝ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይችላል። ጠቋሚው የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የወጣበትን ቀንና ደረሰኙን ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩን ለማጣራት ያግዛል።

ከላይ የተጠቀሱት አዋጆች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ፣ ነጋዴዎች ውል ከመፈረማቸው ወይም ሰፊ የማስታወቂያ ዘመቻ ከመጀመራቸው በፊት በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት እንዲያረጋግጡ ይመከራል።