ኮከብ ቆጠራ

የሰውን ጠባይና ዕድል ከከዋክብት ጋር አያይዞ የሚናገር ልማድ። በኢትዮጵያ የታወቀው መጽሐፉ «ዐውደ ነገሥት» ነው።

የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል። ቀሪው 1 ከሆነ ኮከቡ ሐመል፣ 2 ከሆነ ሰውር፣ 3 ከሆነ ገውዝ ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ኮከብ ሑት ይዘልቃል። የኮከቦቹ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ የልደት ሰዓትም ሆነ ሰማዩ ራሱ የሉበትም። ኮከብ ቆጠራ የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ ከሆነው ባሕረ ሐሳብ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ሳይንስ ማስረጃ ካላገኘለት፣ ለምን ይታመናል? በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር በርትራም ፎረር ለ39 ተማሪዎቹ «የየግል ጠባያችሁ ትንታኔ» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ለትክክለኛነቱ በአማካይ ከ5 4.26 ሰጡት። የሁሉም ጽሑፍ ግን አንድ ነበር፤ አብዛኛው ቃሉም የተቀዳው ከጋዜጣ መሸጫ ከተገዛ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «ደግ ነህ፣ ውለታህን የሚያውቅልህ ግን የለም» ሲባል ማን «እኔ አይደለሁም» ይላል? የሠመረው ትንቢት ይታወሳል፣ የከሸፈው ይረሳል። የጨነቀው ሰው ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ ይሻል፤ ይህ ሞኝነት አይደለም። የሚዋደዱ ጥንዶችን «ኮከባችሁ አልገጠመም» ብሎ ማለያየት ግን ግፍ ነው።