ቁራኛ

ሰው ታሞ ከተኛበት ሳይነሣ ሲቈይ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን፤ ቃሉ ግን የመጣው ከዳኝነት አደባባይ ነው። ቁራኛ በቀድሞው ዘመን የእስራት ስም ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ፥ አበዳሪና ተበዳሪ፥ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋራ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝቶ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አብረው ይሄዱ፥ አብረው ይበሉ፥ አብረው ያድሩ ነበር። ነገሩ ቀላል ሲሆን ብረት ሳያስፈልግ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይጓዙ ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ያለውን ሚዛን ልብ ይሏል። ሌላውን የሚያሳስር ሰው የእስራቱን ክብደት በገዛ እጁ ይሸከም ነበር፤ በሐሰት የከሰሰም ሌሊቱን በዚያው ብረት ያነጋ ነበር። እንዲህ ሲሆን ክስ ዋጋ ያስከፍላል።

ነገር ግን የቀደመውን ሁሉ ማመስገን አይገባም። ባለጠጋው በራሱ ፈንታ አሽከሩን ያቈራኝ ነበር፤ ድኻው ምትክ ከየት ያመጣል? አውጫጭኝማ ከዚህ የባሰ ነበረ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው ሁሉ እርሻውን ትቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው ካልወጣም ንጹሑ ሕዝብ በአንድነት ካሣ ይከፍላል። በሌባ ሻይም መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባል ነበር፤ ይህ ሁሉ ፍትሐ ነገሥት ምስክር እያዘዘ ሳለ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ23ኛው አንቀጽ ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰር፥ በ25ኛው ቤቱ እንዳይበረበር፥ በ26ኛው የደብዳቤው ምሥጢር እንዳይገለጥ ደነገገ። ሁሉም ግን ሕግ ከሚፈቅደው በቀር ነው፤ ሕጉን የሚያወጣውም ያው መንግሥት ነበረ። ሰንሰለቱን መንግሥት ብቻውን ሲይዘው፥ ከታሳሪው ጋራ የሚታሰር ከሳሽ ቀረ። በእርሱ ፈንታ የቆመው የሰዓት ቍጥር ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ይቅረብ አለ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያን ሕገ መንግሥት አገደ። አስቀድመው ከተያዙት ሹማምንት ብዙዎቹ ፍርድ ሳያዩ ለወራት ታስረው ቈዩ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን 60 የሚያህሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። ከሳሹም፥ አሳሪውም፥ ፈራጁም ያው ደርግ ነበረ፤ ከእነርሱ ጋራ የተቈራኘ ግን አልነበረም።