የሮቦት ጉግስ፦ ስለ አንድ አዲስ ጨዋታና ስለ ስሙ

በምሥራቃዊው አዲስ አበባ፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በገርጂ በኩል እስከ ሰሚትና አያት ድረስ በሚዘልቀው ሰፈር፣ ከጆተኒውና ከፑሉ አጠገብ ቴሌቪዥን ደርድሮ በጨዋታ ቁጥር ወይም በሰዓት የሚያስከፍል የፕሌይስቴሽን ቤት ለወጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚያም ኳስ ከሚጫወቱት ቀጥሎ፣ ጆይስቲክ ጨብጠው በቴከን የሚደባደቡትን ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ጨዋታ ወገን በአማርኛ የጸና ስም ገና ስላላገኘ፣ ከእርሱ አንዱን ቅርንጫፍ፣ ይኸውም ሁለት ግዙፋን ሮቦቶች በጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ፊት ለፊት የሚፋለሙበትን፣ «ባለ ሁለት አውታር የሮቦት ጉግስ» ብዬ ልሰይመው እወዳለሁ።

«ባለ ሁለት አውታር» መባሉ፣ የፍልሚያው ሜዳ ቁመትና ወርድ ብቻ ኖሮት ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚሣሉት ሥዕላት ሁሉ፣ በዚህም ጨዋታ ከተፋላሚዎቹ በስተኋላ የሚገባበት ስፍራ የለም፤ ወደ ባላጋራ መቅረብ፣ ማፈግፈግ፣ መዝለልና ማጎንበስ ይቻላል፣ ወደ ጎን ዘወር ብሎ ማምለጥ ግን አይቻልም። ከላይ በግራና በቀኝ የሁለቱ ጉልበት በመስመር ይታያል፤ መስመሩ ያለቀበት ይወድቃል፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈም ድሉን ይወስዳል። ይህን ሥርዓት በዓለም ያስፋፋው ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ስትሪት ፋይተር 2» ነው። ቴከን ባለ ሦስት አውታር ስለ ሆነ፣ ጃክ የተባለ ሮቦት ቢኖርበትም እንኳ፣ ከዚህ ክፍል አይቈጠርም።

ሮቦት የሚለውን ስም ለዓለም ያሰማው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር፤ ሥርወ ቃሉም፣ አባቶቻችን በሁዳድ እርሻ ያውቁት እንደ ነበረው ያለ፣ የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በራሱ ለሚንቀሳቀስ ግዑዝ ሁሉ ተሰጠ። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችው፣ ከአእምሮዋም ሥራ ከፊሉን የአይኮግ ላብስ ባለሙያዎቻችን የሠሩላት ሶፊያ የዚህ ወገን ናት።

የጨዋታው ግዙፍ ግን ከሶፊያ ይለያል። ሊቃውንቱ ነፍስን ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ ይህ ብረት ከሦስቱ አንዱም የለውም፤ ንግግሩም፣ ልቡናውም፣ ሕይወቱም ከሚመራው ሰው ይመጣል። ጎ ናጋይ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1972 በፈጠረው «ማዚንገር ዜድ» አንድ ወጣት 18 ሜትር በሚረዝም ሮቦት ራስ ውስጥ ተቀምጦ ይነዳዋል፤ እንዲህ ያለውም ሮቦት «ሜካ» ይባላል።

ሜካን ወደ ፍልሚያ ጨዋታ ካስገቡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የካፕኮም «ሳይበርቦትስ» ነው፤ በእርሱም ነጂዎቹ ከሚነዱት ብረት ተለይተው የራሳቸው ስምና ታሪክ አላቸው። እኔ ግን አብልጬ የማደንቀው ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በዳይቨርሽንስ ኢንተርቴይንመንት ተሠርቶ ኤፒክ ሜጋጌምስ ለዶስ ኮምፒዩተር ያወጣውን «ዋን መስት ፎል 2097»ን ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ በቅድሚያ ከ10 ነጂዎች አንዱን፣ ከዚያም ሮቦቱን ለይቶ ይመርጣል፤ ነጂዎቹም በኃይል፣ በቅልጥፍናና በጽናት ስለሚበላለጡ፣ ያው አንዱ ብረት በአንዱ እጅ አንበሳ፣ በሌላው እጅ ታካች ሆኖ ይገኛል። በውድድሩም ያሸነፈ ገንዘብ ይቀበላል፣ በገንዘቡም የተጎዳውን ሮቦት ያስጠግናል፣ ኃይልም ይጨምርለታል። የታሪኩ ሽልማት ጋኒሜድ በተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ላይ ለሚቋቋመው ሰፈራ አለቃ መሆን ነው።

እንግዲህ ስሙን ስንመርጥ ነጂውን የሚዘነጋ ስም አይበቃም። «የግዙፋን ሮቦቶች ፍልሚያ» ቢባል ስሕተት የለበትም፣ ነገር ግን ሰውየው ይቀራል። ከግእዝ ቢፈለግ፣ መጽሐፈ ሄኖክ የሚያወሳቸውን ግዙፋን ይዞ «ረዐይተ ኀፂን» ማለት ለጆሮ ያማረ ነው፤ ሆኖም ረዐይት እናት የወለደቻቸው በገዛ ፈቃዳቸው የሚሄዱ ናቸውና ምሥጢሩ አይገጥምም፣ በጌም ቤት የሚረዳውም ጥቂት ነው። የፈረሰኞቹ ጨዋታ ጉግስ ግን ሁሉንም ይዟል፦ ነጂና ተነጂ አለበት፤ ማጥቃትና በጋሻ መመከት አለበት፤ ጨዋታ ሆኖ ሳለም የጦርነት አምሳል ነው፤ የአንዱ ፈረስ መልካምነትም የፈረሰኛውን ስንፍና አይሸፍንም። ፈረሱ ሕያው፣ ሮቦቱ ግዑዝ መሆኑን አልክድም፤ ያም ቢሆን «የሮቦት» የሚለው ቅጽል ልዩነቱን ይለያል።

አገርኛ ስም ለአዲስ ጨዋታ እንደማያንስ ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ኩኩሉ» አሳይቶናል፤ ስሙ ልጆቻችን በድብብቆሽ የሚጣሩበት ቃል ነውና። ስለዚህ በጎሮ ይሁን በገርጂ ተቀምጦ ሁለት ብረት ለበሶችን በስክሪን ላይ ለማጋጠም የሚያስብ ወጣት ቢኖር፣ ለሥራው ስም ሲያወጣ ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከጃን ሜዳው ጉግስ ይጀምር ዘንድ አሳስበዋለሁ።