ወባ አእምሮን ሲነካ

ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው በድንገት ሲለፈልፍና ዘመዶቹን መለየት ሲያቅተው «ለከፈው» ማለት በአገራችን የተለመደ ነው። የለከፈው ግን ወባ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ በደም ውስጥ የሚኖር ተባይ አእምሮን እንዴት ያናጋል? ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን ተባዩን አልጄሪያ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር። ከዚያ በኋላ ማርኪያፋቫና ቢኛሚ የተባሉ የሮም ሐኪሞች በወባ የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ተባዩ በገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ታጭቀው አገኟቸው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ያደረበት ሕዋስ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ደሙም እንደልቡ አይዘዋወርም። በሽተኛው ይቃዣል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ራሱንም ይስታል። ቶሎ ካልታከመ ይሞታል።

የሚገርመው፣ በ1917 ቪየና ውስጥ ዋግነር ያውሬግ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ቂጥኝ አንጎላቸውን ላበላሸባቸው ሕሙማን፣ ትኩሳቱ ያድናቸዋል ብሎ፣ የወባ በሽተኛ ደም ሰጣቸው። የተሻላቸው ነበሩ፤ በወባው የሞቱም ነበሩ። ሰውየው በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይገባው ነበር ወይ የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ። ፔኒሲሊን ሲመጣ ሕክምናው ቀረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1958 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ክፉኛ የተጎዳው ወባ ያልለመደው፣ ከፍ ባለ ቦታ የሚኖረው ሕዝብ ነበር። እኛም ውጭ አገር ረጅም ዓመት ስንቆይ ሰውነታችን እንደዚያ ሕዝብ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ ከአገር ቤት ጉብኝት መልስ ትኩሳት የያዘው ሰው፣ ይልቁንም ንግግሩ ከተዛባ፣ በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር፤ የት የት እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገር።

የዋጠውንም ኪኒን ጭምር ይንገር። በ1996 ከቬትናም የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንድ ሰዎች በተለይ ከከባድ ወባ ድነው ደማቸው ከተባዩ ከጸዳ በኋላ፣ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይቃዣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ የሌለ ነገር ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ሜፍሎኪን የተሰጣቸው ሕሙማን ይበልጥ ለዚህ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ይኸው መድኃኒት፣ ብዙዎቻችን ላርያም በሚለው ስሙ የምናውቀው፣ ነርቭንና አእምሮን እንደሚጎዳ የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ መንግሥት ትእዛዝ የተለጠፈበት በ2013 ነው።